የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካስገባን ወዲህ ቤቱ ለምን ይሸታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ከከተማው ዳር ካሉት ከእነዚህ ሰፈሮች የሚደርሰኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው። ማሽን ገዛን፣ ሻወር ቤት አስገባነው፣ ጎማውን ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ሰደድነው፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እኔም ቤት እንደዚሁ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ። ልጄ የምትተኛበት ክፍል ከሻወር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ማታ ማታ በሩ ስር ጨርቅ እየወተፍኩ ነው ያሳለፍኩት። መፍትሔው በመጨረሻ አንድ የታጠፈ ቧንቧና የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን በእነዚያ ወራት ያልጠየቅሁት ሰው፣ ያላነበብኩት ነገር የለም። ሌላ ሰው ያን ያህል እንዳይቸገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ሽታው ከየት ነው የሚመጣው? ማሽኑ አዲስ ነው እኮ።

ከማሽኑ ሳይሆን ከቧንቧው ነው። የሽንት ቤቱ፣ የወጥ ቤቱና የሻወሩ ፍሳሽ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል። ከዚያ ወይ ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይሄዳል፣ ወይ ግቢ ውስጥ ወደተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል። ቆሻሻው አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ጋዝ ይፈጠራል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሜቴን፣ አሞኒያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኙበታል። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሜቴን ራሱ ሽታ የለውም፤ ግን ይቀጣጠላል።

ይህ ጋዝ ክፍት መንገድ ካገኘ ወደ ቤት ይገባል። የማሽኑ ጎማ የገባበት ቀዳዳ ክፍት መንገድ ነው። ማታ ውጪው ሲቀዘቅዝና ቤታችሁ ሞቅ ሲል፣ ሞቃቱ አየር በላይ በኩል እየወጣ ከታች ሌላ አየር ይስባል፤ ሽታው ብዙ ጊዜ ማታና ንጋት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ሻወር ቤት ውስጥ አየር የሚያስወጣ ፋን ካላችሁና መስኮቱ ዝግ ከሆነም እንደዚሁ ነው፤ ፋኑ የሚያወጣውን አየር የሚተካው በቀዳዳው በኩል የሚመጣው ነው።

ማሽኑ ራሱ ቢሆንስ? እንዴት ነው የምለየው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ሽታዎች ይለያያሉና። ማሽኑ ሲቆሽሽ የሚሸተው እንደ ሻገተ ጨርቅ፣ እንደ እርጥብ ጆንያ ነው። ሽታው ከበሩ ላስቲክ እጥፋት፣ ከሳሙና ማስገቢያውና ከታች ካለው ማጣሪያ ይመጣል። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ የምታጥቡ ከሆነና በሩን ዘግታችሁ የምትተዉት ከሆነ ይህ የተለመደ ነው። ባዶውን በ60 ወይም በ90 ዲግሪ አንድ ጊዜ አዙሩት፣ ላስቲኩን ጥረጉ፣ ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡ፣ ከዚያ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት።

የፍሳሽ ሽታ ግን እንቁላልና ሽንት ቤት ነው የሚሸተው። መለያው ቀላል ነው። ጎማውን ከቀዳዳው አውጡና ቀዳዳውን በላስቲክና በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ሽታው ከሌለ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። አሁንም ካለ የማሽኑን በር ከፍታችሁ አሽቱት፣ ከዚያም ሌሎቹን ቀዳዳዎች፣ የሽንት ቤቱን ሳህን ግርጌ ጭምር፣ አንድ በአንድ እዩ። ፈተናው እስኪያልቅ ግን ማሽኑን እንዳታስነሱት፤ ውሃው መሄጃ የለውም።

ታዲያ የእጅ መታጠቢያው ለምን አይሸትም? እሱም ከዚያው ቧንቧ ጋር አይደል የተገናኘው?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የእጅ መታጠቢያችሁ ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቧንቧው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይወርድና ታጥፎ እንደገና ትንሽ ወደ ላይ ወጥቶ ነው ወደ ግድግዳው የሚገባው፣ ወይም ደግሞ እንደ ጠርሙስ የሆነ ነገር መሐሉ ላይ አለ። ሲፎን የምንለው እሱን ነው። በተጠቀማችሁ ቁጥር የመጨረሻው ውሃ እዚያ እጥፋት ውስጥ ይቀራል። ያ የቀረ ውሃ በር ነው። ፍሳሽ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ጋዝ ወደ ላይ አያሳልፍም። በደንብ በተሠራ ሲፎን ውስጥ የሚቆመው ውሃ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1775 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ለንደን ውስጥ የሚኖር ሰዓት ሠሪ ለሽንት ቤት መቀመጫ የታጠፈ ቧንቧ ሠርቶ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ቀላል ነገር አልተገኘም።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ተብሎ የተተወ መስመር የላቸውም። ስለዚህ ማሽኑ ሲገባ ጎማው ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ያ ቀዳዳ አንዳንዴ ምንም ሲፎን የሌለው ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሲፎን ነበረው፣ እኛው ነን ያጠፋነው። እንዴት? ወለል ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ከወንፊቱ ስር የተገለበጠ ኩባያ የሚመስል ቆብ አላቸው። ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው። ጎማው አልገባ ሲል ወንፊቱና ቆቡ አብረው ተነስተው ይጣላሉ። እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ማሽኑን ሊገጥም የመጣው ሰው ቆቡን አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፣ እኔም ምንነቱን ሳላውቅ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት።

የእኛ ቀዳዳ ሲፎን ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ?

ጎማውን አውጡና የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ውሃ ካብለጨለጨ ሲፎን አለ። ጨለማና ደረቅ ቧንቧ ብቻ ከታያችሁ አንድ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ድጋሚ እዩ። ውሃው ቆሞ ከቀረ ሲፎኑ አለ፣ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ጠልቆ ከጠፋ፣ ወይ ሲፎን የለም ወይ ተሰንጥቋል። ቧንቧው ታች ድረስ ረጅም ሆኖ ካልታያችሁ በአፍንጫ ፍረዱ፤ ውሃ ካፈሰሳችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽታው ቀንሷል?

መብራት ስል የስልክ ወይም የባትሪ መብራት ማለቴ ነው። ክብሪትና ሻማ አታስጠጉ።

ሲፎን አለው። ግን አሁንም ይሸታል።

መቼ እንደሚሸት ልብ በሉ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ ሰዓቱ ነው።

ማሽኑን ለሳምንታት ሳትጠቀሙ ስትቀሩ የሚሸት ከሆነ ውሃው ተንኖ ነው። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት በተለይ። ያ ኩባያ የሚመስለው ቆብ ደግሞ የሚይዘው ውሃ ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል።

ልብስ አጥባችሁ እንደጨረሳችሁ የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ውሃ ሲያስወጣ እንደ ሰው አያፈስም። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ በኃይል ይገፋል። ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው ያለውን አብሮ ይስባል፣ ልክ ከበርሜል በጎማ ነዳጅ ስንስብ አንዴ ከጀመረ እንደማይቆመው ሁሉ። ሲፎኑ ውስጥ መቅረት የነበረበት ውሃ ተጠርጎ ይሄዳል። በሩ ተከፍቶ ቀረ ማለት ነው። ማሽኑ ሲጨርስ ቀዳዳው የመጥባት ዓይነት ድምፅ ካሰማ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ አየር ነው። ከሲፎኑ በኋላ ያለው መስመር መተንፈሻ ቱቦ ያስፈልገዋል። ትክክለኛው መተንፈሻ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ነው። ያ ካልተቻለ አየር ወደ ቧንቧው የሚያስገባ፣ ጋዝ ግን ወደ ቤት የማያስወጣ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ከሲፎኑ ከፍ ብሎ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይገጠማል።

ሦስተኛም አለ፣ ሰው የማያስበው። የጨርቅ ክርና ፀጉር እጥፋቱ ላይ ይንጠለጠልና አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ ወደ መውረጃው በኩል ይሆናል። ያኔ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየመጠጠ ያወጣዋል። ጋቢና ብርድ ልብስ የምታጥቡ ከሆነ ክሩ ብዙ ነውና በየጊዜው አጽዱት።

ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የምናጥበው። ምን ይሻላል?

እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ለምንኖር ሰዎች ትልቁ ነገር ይህ ነው። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው ልብስ ማጠብ ነው፣ ሲፎኑም ያኔ ነው የሚደርቀው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ውሃ በጠፋ ሳምንት ከጀሪካኑ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ቀድቼ ቀዳዳው ውስጥ እጨምራለሁ። ንጹሕ ውሃ መሆን የለበትም። አትክልት ያጠባችሁበት ይበቃል። የሩዝ ወይም የፓስታ ውሃ ግን ተዉት፤ ራሱ ይሸታል።

ጭራሽ የማትጠቀሙበት ሌላ ቀዳዳ ካለ፣ ለምሳሌ በረንዳ ላይ ያለው፣ ውሃ ከሞላችሁ በኋላ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ከላይ አድርጉበት። ዘይቱ ተንሳፎ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል። ማሽኑ በሚፈስበት ቀዳዳ ላይ ግን ጥቅም የለውም፣ በመጀመሪያው እጥበት ተጠርጎ ይሄዳል።

በጎማው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ልድፈነው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሽታው ለጥቂት ቀን ቀነሰ፣ ከዚያ ከማሽኑ ውስጥ መውጣት ጀመረ። በር ስከፍት ልብሱ ሁሉ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይላል።

ሲፎን ያለው ቀዳዳ ከሆነ ክፍተቱን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ማሽኑ ውሃ ሲያስወጣ አየር ከላይ መግባት አለበት። አየር ካጣ መሳቡ ይብሳል፤ አንዳንዴም ማሽኑ ውሃ እየሞላ ሳለ ውሃው በጎማው በኩል ይወጣና ማሽኑ ሳይሞላ እየቀዳ ይቆያል። በፈረቃ ውሃ ይህ የሚያናድድ ብክነት ነው። ቧንቧው ከተዘጋ ደግሞ ቆሻሻው ውሃ ወደ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል።

ሲፎን የሌለው ቀዳዳ ከሆነ፣ ባለሙያው እስኪመጣ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ሸፍኑት፣ ይረዳል። ግን ያው ለጊዜው ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንዴት ነው?

ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒቪሲ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከታቹ ሲፎን አለው። ከሲፎኑ ወደ ዋናው መስመር የሚሄደው ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል። የቋሚው ቧንቧ አፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የማሽኑ ጎማ ከላይ ታጥፎ ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከዚያም እንዳይወጣ ይታሰራል።

ከፍታው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማው በጣም ዝቅ ካለ ውሃው ማሽኑ ውስጥ ሳይቆይ በራሱ ይፈስሳል። በጣም ከፍ ካለ ፓምፑ ይደክማል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ላይ ቁጥሩ በሥዕል አለና ከእኔ ቁጥር ይልቅ የእሱን ያዙ። ጎማውን ደግሞ «በደንብ ይግባ» ብላችሁ እስከ ታች አትስደዱት። ጫፉ ሲፎኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ከነካ፣ ያን ውሃ መልሶ ሊስበው ይችላል።

የእኔ ማሽን ባለ ሁለት ገንዳ ነው። ጎማውን ከፍ ሳደርገው አይፈስም።

አዎ፣ እነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ፓምፕ የላቸውም። ውሃው በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ጎማው ወለል ላይ መተኛት አለበት። ለእናንተ የሚሆነው ሲፎን ያለው የወለል ቀዳዳ ነው። ጎማውን ቀዳዳው ውስጥ ከመክተት ወንፊቱ አናት ላይ አሳርፉት፣ ቆቡም በቦታው ይቆይ። ውሃው ትንሽ ይረጭ ይሆናል፤ በግማሽ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም ትንሽ ድንጋይ ጎማው ላይ ማድረግ ይበቃዋል። ቆቡን ከማውጣት ወለል መወልወል ይሻላል።

ተከራይ ነኝ። ወለል መስበር አልችልም።

አትስበሩ። ከሁሉ የሚቀለው ማሽኑን ከእጅ መታጠቢያው ሲፎን ጋር ማገናኘት ነው። ጎን ለጎን ጎማ የሚገባበት አፍንጫ ያለው የፕላስቲክ ሲፎን የቧንቧ ዕቃ መሸጫዎች ጋ ጠይቁ። አሮጌው ይፈታል፣ ይህ ይገባል፣ ጎማው በክላምፕ ይጠብቃል። አፍንጫው አዲስ ሲሆን ውስጡ ድፍን ሊሆን ስለሚችል መከፈቱን አረጋግጡ። ጎማው ወደ አፍንጫው ከመግባቱ በፊት ከፍ ብሎ ከመታጠቢያው ሳህን ስር ይታሰር፣ አለዚያ እጅ የታጠባችሁበት ውሃ ወደ ማሽኑ ይወርዳል። እኔ ይህን መንገድ የምወደው አንድ ትልቅ ጥቅም ስላለው ነው፤ የእጅ መታጠቢያ በየቀኑ ስለምንጠቀምበት ሲፎኑ አይደርቅም። ስትለቁ ደግሞ የራሳችሁን ፈትታችሁ የአከራዩን መመለስ ትችላላችሁ። አሮጌውን አትጣሉት ብቻ።

ሁለተኛው አማራጭ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ፣ ቀጭን ላስቲክ ያለው ማስገቢያ ነው። ውሃ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይገጥማል። ሠርቶ አይቻለሁ። ነገር ግን የልብስ ክር አፉ ላይ ከተያዘ አይገጥምም፣ ስለዚህ በየወሩ አውጥቶ ማጠብ ግድ ነው።

አከራያችሁንም ንገሩ። ሽታው የቤቱ እንጂ የእናንተ ጉድለት አይደለም፣ ሲፎን ማስገባት ደግሞ ለቤቱ ነው የሚቀረው።

በረኪና ብጨምርበትስ? እጣንስ?

በረኪና የቀዳዳውን አፍ ያጸዳል፣ ጋዙን አያቆምም። ጋዙ የሚመጣው በረኪናችሁ ከማይደርስበት ሩቅ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ደግሞ በረኪና ስታበዙ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ትገድላላችሁ። በረኪናን ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

እጣንና ሰንደል ሽታውን ይሸፍናሉ። እንግዳ ሲመጣ እኔም አጨስ ነበር። ጋዙ ግን እዚያው ነው።

ሁለት ሲፎን ብናደርግ የበለጠ አይጠብቅም?

አይጠብቅም። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ከተከታተሉ መሐል ላይ አየር ይታፈንና ውሃው በደንብ አይወርድም። አንድ፣ በደንብ የተሠራ፣ ይበቃል።

ላይኛው ፎቅ ያሉት ሲያጥቡ የእኛ ቀዳዳ ጉልጉል ይላል።

እንግዲህ ይህ የእናንተ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከላይ ብዙ ውሃ ባንድ ጊዜ ሲወርድ ፊት ፊቱ ያለውን አየር ይገፋል። አየሩ መውጫ ካጣ በእናንተ ሲፎን ውስጥ ያለውን ውሃ እየበሳ ይወጣል። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ላይ ነው በይበልጥ የሚታየው። ወይ ዋናው መስመር በከፊል ተዘግቷል፣ ወይ ጣሪያ ላይ ያለው መተንፈሻ ተደፍኗል። የወፍ ጎጆ፣ ላስቲክ፣ አንዳንዴም ሮቶ ሲያስቀምጥ ሰው የሸፈነው ሊሆን ይችላል። ለብቻችሁ አትታገሉት። ለሕንፃው ኮሚቴ ንገሩ፣ ማንሆሉ ይጠረግ፣ ጣሪያው ይታይ። አንዱ ቤት ብቻ ሳይሆን ሦስት አራት ቤት ባንድ ቀን ከሸተታችሁ ምክንያቱ እዚያ ነው።

ክረምት ሲገባ ለምን ይብሳል?

የዝናብ ውሃ ወደ ማንሆሉና ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ስለሚገባ ነው። ውሃው ሲሞላ ጋዙ ቦታ ያጣና ወደ ቤቶች ይገፋል። ግቢ ቤት ያላችሁ ከሰኔ በፊት ታንኩን አስመጥጡ፤ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚመጥጥ መኪና አለው፣ የግልም አሉ። የማንሆሉ ክዳን የተሰነጠቀ ከሆነ አስቀይሩት። የጣሪያ ውሃ መውረጃችሁ ከፍሳሹ ጋር የተገናኘ ከሆነ ለዩት።

ጤና ይጎዳል?

በትንሹ ሲሆን ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። አስም ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ቶሎ ይሰማቸዋል። በቤት ቀዳዳ የሚገባው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። አፍንጫችን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል አንድ ክፍል እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል፣ ስለዚህ መሽተቱ ብቻ አያስደነግጣችሁ።

ማወቅ ያለባችሁ ግን አንድ ነገር አለ። መጠኑ ከፍ ብሎ ከአንድ ሚሊዮን 100 ክፍል ገደማ ሲደርስ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ጋዙ ግን አልጠፋም። ከባድ ሽታ ነበር፣ ድንገት ጠፋ፣ ራሳችሁ ደግሞ ከዞረ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ።

ሴፕቲክ ታንኩን ከፍቼ ልየው?

አትግቡ። አንገታችሁንም አታስገቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ መጠኑም እዚያ ቤት ውስጥ ካለው ጋር አይወዳደርም። ሰው በደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሊያወጣው ዘሎ የሚገባው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱም እዚያው መቅረቱ ነው። የቀን ሠራተኛ ጠርታችሁ «ግባና ጥረግልኝ» አትበሉ። ሲጋራም ክብሪትም አጠገቡ አይለኮስ።

ባለሙያ ስጠራ ምን ልበለው?

«ሽታ አለ» ብቻ ካላችሁት ሲሊኮን ይዞ ይመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ የከፈልኩት ለዚህ ነው። እንዲህ በሉት፦ «የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ሲፎን የለውም፣ በ50 ቧንቧ ሲፎን ያለው ቋሚ እንድትሠራልኝ ነው።» የሚሸትበትን ሰዓት ንገሩት። ቤቱ አጠገብ የሽንት ቤቱ ዋና መስመር የት እንደሚወርድ ካወቃችሁ አሳዩት። ሲጨርስ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ከዚያ ጎማውን አንስታችሁ በስልክ መብራት እዩ። ውሃ ቆሞ መቅረት አለበት። መገጣጠሚያዎቹንም በሶፍት አብሱና እርጥበት መኖሩን ተመልከቱ።

ለፋሲካ ወር ሙሉ ክፍለ ሀገር ልንሄድ ነው። ስንመለስ ቤቱ እንዳይሸት?

ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ቀዳዳ ላይ አንድ አንድ ሊትር ውሃ፣ ከላዩ ሁለት ማንኪያ ዘይት። የወለሉን፣ የሻወሩን፣ የበረንዳውን፣ የማሽኑን። የማሽኑን በር ገርበብ አድርጉት፣ የሽንት ቤቱን ክዳን ዝጉ። ቁልፍ የምትተዉለት ጎረቤት ካለ በሁለት ሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ እንዲጨምርበት ለምኑት፤ እኔ ዘንድሮ ከታች ላሉት እማማ ትቼ ሄጄ ስመለስ ቤቱ የተሸተተኝ የተዘጋ ቤት ብቻ ነበር።